ከበቅሎ እስከ አውቶቡስ፤ መንገድና ትዳር በአዲስ አበባ

አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት ያመጣለት ዘንድ የቤቱን ታላቅ ሎሌ ወደ ሩቅ አገር እንደ ላከው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ሎሌውም ዐሥር ግመል ይዞ ሄዶ ርብቃን ከውኃ ጕድጓድ አጠገብ አገኛት። ነገሩንም ከዘመዶቿ ጋራ ከጨረሰ በኋላ ልጂቱን ጠርተው ከመልእክተኛው ጋራ መሄዱን ትወድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርሷም ወደደች። ከዚህ በኋላ በግመል ተቀምጣ ብዙ መንገድ ሄደች፤ ይስሐቅም በመሸ ጊዜ ወደ ሜዳ ወጥቶ ሳለ ግመሎቹ ሲመጡ በሩቁ አየ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናደንቀው የሎሌውን ታማኝነትና የርብቃን ደግነት ነው። ነገር ግን አስተውሎ ለተመለከተው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ። አንደኛው ላኪው ነው፤ ይኸውም ቤተ ሰብ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ይኸውም ከነማጓጓዣው ነው። ሦስተኛውም የልጂቱ ፈቃድ ነው። ትዳር የሚባለው ነገር ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ቢናጋ እንደ ጉልቻ ድስቱን ያዘነብለዋል።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች 140 ዓመት ሊሆናት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ነገር ከበቅሎ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ አውቶሞቢል፣ ከአውቶሞቢልም ወደ አውቶቡስ እየተለወጠ መጥቷል። በተለወጠም ቍጥር የባልና የሚስት መገናኛ አብሮ ተለውጧል። ብዙ ሰዎች የትዳርን መለወጥ ከትምህርት ወይም ከውጭ አገር ልማድ ብቻ የመጣ አድርገው ይናገራሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ መንገዱ ራሱ ምን እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ሰጠንና ምን እንደ ወሰደብን ለአንባቢ ልናሳይ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በባላገር የነበረውን ሥርዐት እናስታውስ። ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ሳይደርስ፣ አባቱ የተከበሩ ሽማግሌዎችን መርጦ ወደ ልጂቱ አባት ቤት ይልካል። ሽማግሌዎቹም ከደጅ ቆመው ግቡ ቢሏቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። የልጂቱ አባት ወዲያው እሺ ማለት ነውር ስለ ሆነበት በቀጠሮ ያመላልሳቸዋል። በቀጠሮው መካከልም የሁለቱ ወገን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይፈርሳል፤ ካልተገኘ ግን ጥሎሹ ተነግሮ የሠርጉ ቀን ይቈረጣል።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የትውልዱ ቈጠራ ራቅ ብለህ ፈልግ ይላል፤ በአንድ መንደር የሚኖር ሰው በሰባት ቤት ሲቈጠር ዝምድና አያጣምና። የበቅሎው መንገድ ደግሞ ቀረብ ብለህ ፈልግ ይላል፤ ሙሽራ ይዞ፣ ሚዜ አስከትሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ብዙ ቀን መጓዝ ጭንቅ ነውና። እንግዲህ ሥጋ ዘመድ የማይገኝበት፣ ነገር ግን ጧት የተነሣ ሰው ሳይመሽ የሚደርስበት አገር የባላገር የትዳር ሜዳ ነበረ። የትዳሩ ስፋት የበቅሎ መንገድን ያህል ነበረ ማለት ነው።

ወጣቶቹስ የሚተያዩበት ቦታ አልነበረምን? ነበረ። አንደኛው ወንዝ ነው፤ ልጃገረዶች እንስራ ይዘው ውኃ ይቀዱ ነበርና። ሁለተኛው ገበያ ነው። ሦስተኛውና ታላቁ የጥምቀት በዓል ነው፤ ጐረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይህ መተያየት ብዙ ጊዜ በመተያየት ብቻ ይቀር ነበረ፤ የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ሥልጣን የሽማግሌ ነበረና።

እናቴ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚህ ሥርዐት የተዳረች ናት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ያህል እንደ ነበረ ትነግረን ነበር። ፊቷ ተሸፍኖ በበቅሎ ላይ ተቀምጣ ሲወስዷት መንገዱን አላየችውም። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ወደ እናቷ ቤት ለመሸሽ ብትነሣ በየት በኩል እንደምትሄድ አጥታ ከደጅ ቆማ ቀረች። ይህን የምትነግረን እየሣቀች ነበረ፤ እኛም ልጆቿ አብረን እንሥቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳስበው ሣቅ አይመጣልኝም። አባቴ ደግ ሰው ነበረ፤ ትዳራቸውም እስከ ሞት ጸንቷል። ነገር ግን ርብቃ የተጠየቀችውን ጥያቄ እናቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ይህም የመጽሐፍ ጕድለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሊቃውንቱም ይህን ሲተረጕሙ ኖረዋል። እንግዲህ የልጂቱ ፈቃድ በብራና ተጽፎ ሳለ በበቅሎው መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» ብለው የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ በመጽሐፍ ጽፈው ሲያሳትሙ፣ የጋብቻ ነገር የአደባባይ ትምህርት የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑን ስለ ተመለከቱት ነው።

ከባላገር ወደ ከተማ እንለፍ። አዲስ አበባ ራሷ ከባልና ከሚስት ጕዞ የተወለደች ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር በቍርባን ተጋቡ፤ ሁለቱም በዕድሜ የበሰሉ፣ ኑሮንም የቀመሱ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳለ ወደ ፍልውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ እቴጌይቱም አገሩን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ከዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከእንጦጦ ተራራ እስከ ፍልውኃ ያለው የቍልቍለት መንገድ የከተማይቱ የመጀመሪያ ጐዳና ሆነ።

ከዚህ በኋላ መኳንንቱ በየኰረብታው ሰፈሩ፤ ጭፍሮቻቸውም በዙሪያቸው ሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ስምም እስከ ዛሬ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል አለ፤ ክረምት በገባ ጊዜ ወንዙ ሲሞላ ከወዲያ ማዶ ያለው ዘመድ በዓይን እየታየ አይደረስበትም ነበር። በራስ መኰንን ስም የሚጠራው ድልድይና ሌሎቹም ድልድዮች ከተሠሩ ወዲህ ግን የተለያዩት ሰፈሮች እየተገናኙ ሄዱ። በእነዚህም ሰፈሮች ከየአውራጃው የመጣ ሰው ተደባልቆ ኖረ፤ የሸዋው ከወሎው፣ የጐንደሬው ከጕራጌው፣ የኦሮሞው ከጐጃሜው ጋራ በአንድ ውኃ መቅጃ ተገናኘ።

ከዚህ ላይ ላኪው የመጀመሪያውን ድካም ደከመ። አባቱ በሩቅ አገር የቀረ ወታደር ማንን ሽማግሌ አድርጎ ይልካል? የልጂቱስ ትውልድ እስከ ሰባት ቤት የሚቈጠረው ማን ባለበት ነው? ስለዚህ ጎረቤት የዘመድን ቦታ ያዘ፤ የሰፈር ታላላቆች እንደ አባት ሆነው ላኩ፤ እንደ አባትም ሆነው ተቀበሉ። ኋላም በሞት ጊዜ የሚረዳዱበት ዕድር በከተማይቱ ሲቋቋም በሥጋ የማይዛመዱ ሰዎች በመቃብርና በድንኳን ተዛመዱ። ከተማ ዘመድን ያጠፋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ታሪኩን ስንመረምረው ግን ከተማ ሌላ ዓይነት ዘመድ እንደ ፈጠረ እናያለን።

ሁለተኛው ለውጥ በባቡር መጣ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት ጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ ሲመጣ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበት ነበረ፤ በባቡር ግን በሦስት ቀን ይደርስ ጀመር፤ ያውም ሌሊቱን በጣቢያ እያደረ ነው። ባቡር የሚለው ስም በፈረንጅ ቋንቋ እንፋሎት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ለገሀር የተባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች ጣቢያውን ከሚጠሩበት ስም ነው። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ባቡሩ ለትዳር ሁለት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ የትዳርን ሜዳ አሰፋው። በበቅሎ አንድ ቀን የነበረው መንገድ በባቡር እስከ ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋም ከሐዲዱ ጋራ የተወለደች ከተማ ስለ ሆነች ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ፣ ከሶማሌውም፣ ከዐረቡም፣ ከአርመኑም፣ ከግሪኩም የተውጣጣ ሕዝብ ኖረባት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከነጋዴ ልጅ ጋራ በአንድ ጐዳና አደገ።

ሁለተኛው ግን መራራ ነው። ባቡሩ ባልን ከሚስት ለይቶ የመውሰድ ኃይል ነበረው። በበቅሎ ዘመን ርቆ የሚሄድ ወታደርና ነጋዴ ነበረ። ከባቡር ወዲህ ግን ለደመወዝ ሲል ከቤቱ የሚለይ ሠራተኛ በዛ፤ ሚስትም የጣቢያውን ፉጨት እየሰማች ቀን የምትቈጥር ሆነች። ሽኝት የሚባለው ነገር በሕዝብ ፊት የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ከደጅ የነበረው እንባ ወደ ጣቢያው ወረደ። እንግዲህ መንገድ እንደሚያገናኝ ሁሉ እንደሚለይም የከተማው ሰው በለገሀር ተማረ።

ሦስተኛው ለውጥ አውቶሞቢል ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነውና ተቀብለው በርሱ ሄዱ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ድረስ አውቶሞቢል የመኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ሀብት ሆኖ ቆየ። የቀረው ሕዝብ በእግሩ፣ የተሻለው በበቅሎ፣ በኋላም በፈረስ ጋሪ ይሄድ ነበር። በሠርግ ግን አውቶሞቢሉ ቶሎ የበቅሎን ቦታ ወሰደ፤ ሙሽራን በአውቶሞቢል መውሰድ የክብር ምልክት ሆነ። ዛሬ በአበባ ያጌጡ መኪናዎች እየተከታተሉና ጥሩምባ እየነፉ በከተማው ሲዞሩ የምናየው፣ የቀድሞው የበቅሎ አጀብ ልጅ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በግፍ ወረረ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ብዙ ጐዳና ሠርቷል፤ ጐዳናውን የሠራው ግን ለጦሩ መሄጃ ነው። ይኸው መንግሥት መንገዱን እየዘረጋ ሰውን ከሰው ለየ፤ የአገሩን ሕዝብ ሰፈርና ገበያ ከነጮቹ ለይቶ ወደ ምዕራብ ገፋ፤ በ1929 ዓ.ም.ም ጣልያናዊ ከአገሩ ተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ቢኖር በእስራት የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ የመንገድ መልካምነት ብቻውን ሰውን ከሰው አያገናኝም፤ መንገዱን የሚሠራው ልብ ክፉ ከሆነ አስፋልትም አጥር ይሆናል።

ነጻነታችን በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝብ የሚሆን የአውቶቡስ ጕዞ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ይህም ኋላ አንበሳ በሚባል ስም የታወቀው ነው። በእኔ አሳብ ከበቅሎ ወዲህ የትዳርን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ይህ አውቶቡስ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ማን እንደ ሆነ ከበቅሎው ጌጥና ከተከታዩ ብዛት ይታወቅ ነበር። በአውቶቡስ ግን ጌታና ሎሌ አንድ ዋጋ ከፍለው በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ከዚህም በላይ ሴት ልጅ ወንድሟ ወይም አሽከር ሳይከተላት ብቻዋን ተቀምጣ የምትሄድበት የመጀመሪያው ማጓጓዣ ይህ ሆነ።

የምትሄድበትም ጉዳይ ነበራት። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ሴቶች ጸሓፊና ስልከኛ ሆነው ይቀጠሩ ጀመር። ስለዚህ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፌርማታ፣ አንዲት ልጃገረድና አንድ ጐልማሳ ሳይቀጣጠሩ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ወር ይተያያሉ፤ በሁለተኛው ወር እጅ ይነሣሣሉ፤ በሦስተኛው ወር ዝርዝር ሳንቲም ላጣችው እርሱ ይከፍላል፤ ከዚያም ደብዳቤ ይጻፋል። ውኃ መቅጃውና የጥምቀት ሜዳው በየቀኑ እየዞረ ከየሰው ደጅ የሚመጣ ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ትልቁ ለውጥ ሆነ። ቀድሞ አባት ስለ ልጁ ሽማግሌ ይልክ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ነገሩን ከጨረሰ በኋላ አባቱን ይልካል። ሥርዐቱ አልጠፋም፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ከደጅ ይቆማሉ፤ የልጂቱ አባትም እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠሮ ይሰጣል። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ቃል ከወጣቶቹ አፍ ወጥቷል። ሕጉም ወደዚሁ ሄደ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጋቢዎቹን ፈቃድ አስፈላጊ አድርጎ፣ ዕድሜን ለወንድ 18 ዓመት ለሴት 15 ዓመት ወሰነ። በብራና ተጽፎ የነበረው ፈቃድ በአዋጅ ተመለሰ።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ የከተማው አንባቢ በአውቶቡስ እየሄደ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መለያየት አነበበ። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ ናት። የለያያቸው የዘር ኵራት ብቻ አልነበረም፤ በመካከላቸው የአባይ በረሃ፣ የሽፍታና የእግር መንገድ ነበረ። እርሷ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ስትፈልገው፣ እርሱ ወደርሷ ሲመለስ በመንገድ ተመቶ ወደቀ፤ የተገናኙት ለስንብት ብቻ ነው። ያ አንባቢ እንባውን ያፈሰሰው የርሱ ፍቅረኛ በአንድ ትኬት የምትደረስ ስለ ሆነች፣ የቀድሞው ሰው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ስለ ገባው ጭምር ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ታክሲ መጣ። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ የጣልያን መኪና፣ ሕዝቡ ሰይቼንቶ የሚላት፣ ጥቂት ሰዎችን ጉልበት ለጉልበት አቀራርባ ትወስድ ነበር። ቀጥሎም ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚሄዱባት መኪና ተነሣች፤ ሕዝቡም ውይይት አላት። እንዴት ያለ መልካም ስም ነው! እንደ ቅኔ ብንፈታው ሰሙ ወንበሩ ነው፤ ወርቁ የሰው ለሰው መነጋገር ነው። ነገር ግን ይህ ስም የተሰጠበት የአብዮት ዘመን፣ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ያለው፣ ለብዙ ቤተ ሰብ የጭንቅ ዘመን ሆነ። የሰዓት እላፊ አዋጅ ስለ ነበረ ሠርግ በጊዜ ይፈታ ነበር፤ ከፌርማታ የተለያዩ ጐልማሶችም አንዳንዶቹ ነገ አልተገናኙም። በዚያ ዘመን ፍቅረኛውን በፌርማታ ጠብቆ ያጣ ሰው ዛሬም በመካከላችን በሕይወት አለ፤ ስለዚህ ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ሚኒባስ ከተማውን ሞላው፤ ረዳቱ መንገዱን እየጠራ፣ ተሳፋሪው እየተጠጋጋ፣ በውስጡም ስለ ፍቅር የሚናገሩ ጥቅሶች እየተለጠፉ ኖረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወጥቶ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል መሆናቸውን ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. በመስከረም ወር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ መስመሮቹም በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነው አያትን ከጦር ኃይሎች፣ ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ አገናኙ። እናቴ የተነፈገችው ፈቃድ ለልጅ ልጆቿ በሕግም በልማድም ተሰጠ። ስለዚህ ነገር እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ወደ ኋላ የምንመኘው ነገር የለም።

ነገር ግን ታሪክ ጸሓፊ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ቢደብቅ ኃጢአት ይሆንበታል። መንገዱ ሁለቱን ካገናኘ በኋላ ቤታቸውን አራቀው። ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በከተማይቱ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ሲሰጡ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ጣራ አገኘ፤ ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ሥራው፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ ግን ብዙው ከመካከል ቀረ። የቀድሞው የበቅሎ መንገድ በከተማው ውስጥ ተመልሶ መጣ ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ቀድሞ በዕድሜ አንድ ጊዜ ለሠርግ የሚኬደው አሁን በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚኬድ መሆኑ ነው።

ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሁለት ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጬ ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት በታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ያህል ጧት ጧት አብረው ተሰልፈው ተፋቀሩ፤ ሽማግሌ ተልኮም ተጋቡ። ከዚያ ዕጣ ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ወጡ። እርሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይመለሳል፤ ልጃቸው አባቱን ነቅቶ የሚያየው እሑድ ብቻ ሆነ። መጠጥ የለም፤ ሌላ ሴት የለም፤ ዱላም የለም። እኛ ሽማግሌዎቹ የለመድነውን ጥያቄ ሁሉ ጠይቀን ጥፋተኛ አጣን።

በመጨረሻ ሴቲቱ እንዲህ አለች፤ «አባቶቼ፣ በሰልፉ ላይ ሳለን በቀን አንድ ሰዓት እንነጋገር ነበር። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ያችን አንድ ሰዓት አጣናት።» ይህን ባለች ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። እስከ ሰባት ቤት መቍጠር እናውቃለን፤ ይህን ግን የምንቈጥርበት ልማድ አልነበረንም። ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ብዙ ካሰቡ በኋላ «እንግዲያው ሰልፉን መልሱት» አሉ። እርሷም ሥራ ያላት ስለ ሆነች ልጁን ለአያቱ አደራ ብላ በጧት አብራው እንድትወጣ፣ በአንድ ሰልፍ እንዲቆሙ፣ በአንድ መኪናም እንዲሄዱ፤ እርሱም በሳምንት ሁለት ቀን አለቃውን ለምኖ ቀደም ብሎ እንዲመለስ ፈረድን። ፍርዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ለሽማግሌ አልመጡም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። በቅሎው ሄዶ አውቶሞቢል ቢመጣ፣ አውቶሞቢሉ ሄዶ የኤሌክትሪክ ባቡር ቢመጣ፣ ትዳርን የሚያጣፍጠው ማጓጓዣው አይደለም። ነገር ግን ጉልቻ ከሦስት አንዱ ቢጐድል ወጡ ይደፋል። በበቅሎ ዘመን የጐደለው የልጂቱ ፈቃድ ነበረ። በአውቶቡስ ዘመን ፈቃዱ ተመልሶ ላኪው፣ ማለት ቤተ ሰብና ጎረቤት፣ ደከመ። በዘመናችን ደግሞ ፈቃድም ሕግም ሞልቶ ሳለ መንገዱ ራሱ የቤቱን ሰዓት የሚበላ ሆነ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የወደደችውን በታክሲ አገኘችው ብላችሁ አትናቁ፤ ርብቃም የተገኘችው በሰው ሁሉ መቅጃ ነው። ይልቅስ እርሷን አስቀድማችሁ ጠይቋት። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም የመጀመሪያው ቃል የእናንተ ስለ ሆነ ሽማግሌን ለሠርግ ቀን ማድመቂያ ብቻ አታድርጉት፤ በጭንቅ ቀን የምትጠሩት እርሱን ነውና። ሥራ የምታሠሩና ከተማ የምትሠሩም ሰዎች፣ ቤትን ስትሠሩ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው ሰዓት ጭምር አስቡ።

ይስሐቅ በመሸ ጊዜ ወደ ሜዳ ወጥቶ ነበረ፤ ግመሎቹም ሲመጡ በሩቁ አያቸው። ርብቃም እርሱን ባየች ጊዜ ከግመሉ ወረደች። የዚያ ረጅም መንገድ ፍጻሜው ይህ ነው፤ የሚመጣ አለ፤ በመሸ ጊዜ ወጥቶ የሚጠብቅም አለ። በግመልም ቢሆን፣ በበቅሎም ቢሆን፣ በባቡርም ቢሆን የትዳር መንገድ የሚያልቀው ከዚህ ላይ ነው። የመሸበትን መንገደኛ ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ወደ ቤቱ ያግባው፤ በቤቱም ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው አያሳጣው።